የግርጌው መደብ

በጥቁር ውኃ ወንዝ ዳር፣ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ አርባ አንድ መደብ ያለው የአትክልት ማኅበር አለ። መደቦቹ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። ወንዙ ከሚጠለፍበት ቦታ አንድ ቦይ ይነሣና የየመደቡን ጥግ እየታከከ ቁልቁል ይወርዳል። ከጠለፋው አጠገብ ያለውን መደብ አባላቱ ራስጌ ይሉታል፣ ቦዩ የሚያልቅበትን ደግሞ ግርጌ። በመደብ ነገር አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ አንዱ ራስጌ ይተኛል፣ ሌላው ግርጌ። እዚህ ግን ሰው ስለ መደብ ሲያወራ ስለ ጎመንና ስለ ካሮት ነው የሚያወራው። ከዚያ ያለፈ የሚያስብ ካለ ራሱ ይጠየቅበት።

ከአባላቱ መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች አሉ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ አስተማሪዎች አሉ፣ የባንክ ጥበቃም አለ። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ሲሰባሰቡ ማን ምን እንደሆነ አይለይም። የዕቃ ቤቱ በር ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። የማኅበሩ ጸሐፊ መምህርት ማስተዋል ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ወሬ በጠመኔ ትጽፍበታለች። መስከረም ሲጠባ የጻፈችው እንዲህ የሚል ነበር፦

«እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ። ክረምቱ ሁለት እርከንና አንድ አጥር ወስዶብናል። የልብስ ሰፊው የአቶ ገላዬ ባለቤት መንታ ተገላግላለች፤ ለአራስ ጥሬ ካሮት ይዛችሁ የምትሄዱ ሰዎች፣ ይብቃችሁ ተብላችኋል። የሻምበል ባንቴ ዶማ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ የወሰደው ሰው ባይመልሰው እንኳ ይሳለው። እሑድ የቦይ ጠረጋ ነው፤ ወገቤን የምትሉ ሁሉ አምናም ብላችሁ ነበር። ውኃ ለሁሉም ደርሷል።»

የመጨረሻዋ መስመር በየሳምንቱ ትጻፋለች። ወሬው ይለዋወጣል እንጂ እሷ አትለወጥም። ማስተዋል ይችን መስመር የምትጽፈው አርባ አንዱንም መደብ ዞራ አይታ አይደለም፤ ከእሷ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎችም አልዞሩም። የሚያዩት የውኃ አባቱን መደብ ብቻ ነበር።

የውኃ አባት ማለት ውኃውን በተራ የሚያከፋፍለው ሰው ነው። ማኅበሩ ሲመሠረት የነበሩ ሽማግሌዎች አንድ ደንብ ትተው ሄደዋል። ማንም የውኃ አባት ሆኖ ሲመረጥ መደቡን ለቆ ወደ ግርጌው ይወርዳል። ለአርባው ሰው ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ውኃውን እየተከተለ ወርዶ የራሱን አፈር የሚያጠጣው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ የእሱ መደብ ረጥቦ ከታየ ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ ረጥቧል ማለት ነው። ሌላ መለኪያ አላስፈለጋቸውም።

ጋሽ ታፈረ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የውኃ አባት ሆነው ኖረዋል። ዕድሜያቸውን መንገድ ሥራ ላይ ያሳለፉ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሰው ናቸው። ውኃ ሊያዞሩ ሲሉ ጫማቸውን አውልቀው ቦዩ ውስጥ ይገባሉ። በየመደቡ አፍ ላይ ያለውን ጓል በዱላቸው ገልበጥ ያደርጉና የባለቤቱን ስም ይጠራሉ፤ ባለቤቱ ኖረም አልኖረም። በድርቅ ዓመት ሰው ሁሉ ክንድ የሚያህል ካሮት ሲነቅል የእሳቸው እርሳስ ያህል ይሆናል። «ጋሽ ታፈረ፣ ይሄን ለልጆች ደብተር ያዋጡት» ብለው ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁና ያችኑ እርሳስ በፌስታል ይዘው በኩራት ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አለመውደድ አይቻልም፤ ማኅበሩም ወደዳቸው። ችግሩ የመጣው ከዚሁ ፍቅር ነው።

በመስከረም ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ሻምበል ባንቴ ተነሡ። ሻምበል ዶማቸው ይጥፋ እንጂ ንግግራቸው ጠፍቶ አያውቅም። ጋሽ ታፈረ ሰባ ዓመት እንደሞላቸው፣ ጉልበታቸውም እንደከዳቸው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉም የሌላውን ትራፊ ሲጠጡ እንደኖሩ አስታወሱ። የራስጌው መደብ ባለቤት ሌላ ከተማ ተዛውሮ ስለሄደ መደቡ ክፍት ነበር።

«ይህን ሰው ዛሬም ግርጌ ማስተኛት ለእኛ ነውር ነው» አሉ ሻምበል። «ራስጌው ይሰጣቸው። የውኃ አባትነታቸውም እንዳለ ይቆይ።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ ሴቶቹም እልል አሉ። ጋሽ ታፈረ አንዴ እምቢ አሉ። ሁለተኛም እምቢ አሉ። በሦስተኛው ጉልበታቸውን ዳሰስ አደረጉና ዝም አሉ። ዝምታቸው እሺታ ሆኖ ተቆጠረ። ይህን ያህል ሕዝብ ቆሞ እያጨበጨበለት ደንብ የሚያስታውስ ሰው ከየት ይመጣል? በማግሥቱ ከጠለፋው አጠገብ፣ ከግራር ሥር፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ተቀመጠላቸው።

የግርጌው መደብ ለወይዘሮ ዘርትሁን ደረሰ። የእሷ መደብ ክረምቱ ከወሰዳቸው እርከኖች አንዱ ነበር፤ እስኪጠገን ክፍት ይቆያል። ዘርትሁን የዓመቱ ዘር ጠባቂም ነበረች። የማኅበሩ ጎመን ገበያ ላይ የሚገኘው ዓይነት አይደለም፤ መሥራቾቹ አንድ ጭብጥ ይዘው የመጡት፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ወይን ጠጅ የሆነ የቆየ ዘር ነው። በየዓመቱ አንድ ሰው ይመረጥና ከመደቡ አንዲት ቅጠል ሳይቀነጥብ ጎመኑን እስኪያብብና እስኪያፈራ ይጠብቀዋል። የተገኘው ዘር ተሰፍሮ ለአርባ አንዱ ይከፋፈላል፤ ለከርሞ ተብሎ የሚቀመጥ የለም። ስለዚህ በዘር ጠባቂው መደብ ላይ ጎመኑ ከደረቀ፣ ያ ጎመን ከዚያ በኋላ የለም። ዘርትሁን ይህን እያሰበች ችግኞቿን አንድ በአንድ ወደ ጋሽ ታፈረ አፈር አዛወረች። ሃያ ሁለት ዓመት ፍግ የበላ አፈር ነው። ደስ አላት።

ጥቅምት ገባና ዝናቡ ሄደ፣ ወንዙም ቀጠነ። ጋሽ ታፈረ ጠለፋውን ይከፍታሉ። ውኃው በእግራቸው ሥር ያልፋል፤ መደባቸው ሳይጠይቁት ይጠጣል። ድሮ ቦዩን እስከ መጨረሻው የሚወርዱት የገዛ መደባቸው እዚያ ስለነበረ ነው። አሁን የሚያወርዳቸው ጉዳይ የለም፤ ጉልበታቸውም አሟቸዋል። ወንበራቸው ላይ ሆነው በተራ ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው የራሱን ጓል ራሱ ይገለብጣል። ከመካከላቸው ሌባ አልነበረም። ሰባተኛው ላይ ያለው ሰው ሰላጣው እስኪጠግብ ትንሽ ቆየ። አሥራ ሦስተኛው ትንሽ ቆየ። ሃያኛው አጠገቡ ካለው ጋር ወሬ ይዞ ትንሽ ቆየ። ከትንሽ በላይ የወሰደ አንድም ሰው የለም።

ማስተዋልም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንደተደረገው የጋሽ ታፈረን መደብ ታያለች። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ጥቅል ጎመኑ ጭንቅላት ያህላል። አሁን መደቡ ለዕቃ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ መንገዱም ቀሏታል። ትመለስና ትጽፋለች፦ «ውኃ ለሁሉም ደርሷል።» ያየችውን ነው የጻፈችው። ማንም ሊወቅሳት አይችልም፤ እሷ ራሷን እስክትወቅስ ድረስ።

ዘርትሁን ሰሌዳውን በመጀመሪያው ሳምንት ስታነብ ጥፋቱ የእሷ መሰላት። መደቡን አስተካክዬ አልደለደልኩት ይሆናል አለችና እንደገና ደለደለችው። በሁለተኛው ሳምንት ውኃው የመጣው እኔ በሌለሁበት ሰዓት ይሆናል አለች። በሦስተኛው ነገሩ ገባት፤ ሲገባት ግን አፏን ያዘች። ማንን ትክሰስ? መደባቸውን ተረክባ በእሳቸው ላይ ቅሬታ ብታነሣ ሰው ምን ይላታል? ከእሷ በላይ ያሉት አምስቱም ውኃ ሳይደርሳቸው፣ እንደ እሷ ጥፋቱን በራሳቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ከወንዙ በጄሪካን እየቀዳች፣ ዳገቱን እየወጣች፣ በየግንዱ ሥር አንድ አንድ ጣሳ ማፍሰስ ጀመረች። መቶ ሃያ ግንድ ነው።

አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ከጋሽ ታፈረ ጋር ተገናኙ።

«እንዴት ነሽ ዘርትሁን? መደቤ ተስማማሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ፣ እርስዎን ለምዶ እኔን ምን ይለኛል።»

«ውኃውስ?»

«ወሬው ይደርሰናል» አለች፣ ወደ ሰሌዳው አየት አድርጋ።

ጋሽ ታፈረ የሰሙት ይደርሰናል የሚለውን ብቻ ነበር። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ተመስገን ብለው ወደ ወንበራቸው ሄዱ።

ኅዳር ሲገባ ሰሌዳው ላይ በቀለም ጠመኔ ያጌጠ ወሬ ወጣ፦ «በግርጌው መደብ የወይዘሮ ዘርትሁን የዘር ጎመን ከወትሮው ሃያ ቀን ቀድሞ አብቧል። እንኳን ደስ ያለን።» ሰው ለማየት ወረደ። እውነትም ከላይ ሲያዩት ግርጌው ቢጫ ለብሶ ዓይን ይይዛል። በስልካቸው ፎቶ ተነሡ። የልብስ ሰፊው አቶ ገላዬ መንቶቹን አምጥቶ አበባው መሀል አስተኛቸውና አነሣቸው። ሁሉም ዘርትሁንን እንኳን ደስ ያለሽ አላት። እሷም አሜን አለች። የመጣው ሰው ሁሉ ወደ አበባው ነበር የሚያየው፤ ወደ ሥሩ ጎንበስ ያለ አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ታፈረ መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳውን አነበቡት። አንድ ጊዜ አንብበው ዞር ካሉ በኋላ ተመልሰው ደገሙት።

«ሃያ ቀን?» አሉ።

«የእርስዎ አፈር በረከት ነዋ» አሉ ሻምበል ባንቴ፣ ከኋላቸው ቆመው።

«ጎመን ጠግቦ ሲያድር አይቸኩልም» አሉ ጋሽ ታፈረ። «እንዲህ ቀድሞ የሚያብበው ውኃ ሲጠማው ነው። መሞቱ ነው ብሎ ሲያስብ ነው ለዘሩ የሚሯሯጠው።»

ከዚያ ወደ ቦዩ ሄዱ። ወንበሩን አልፈውት፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ሻምበል «ጉልበትዎ!» ቢሏቸው አልሰሙም። ቦዩ ውስጥ ገብተው ቁልቁል ይወርዱ ጀመር። እስከ አሥረኛው መደብ ውኃው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ነበር። ሃያኛው ላይ ጣቶቻቸውን ብቻ ሸፈነ። ሠላሳኛው ላይ ጭቃ ሆነ። ሠላሳ ስድስተኛው ላይ እግራቸው አቧራ ረገጠ። ከዚያ እስከ ግርጌው ያለው ቦይ ውስጥ ሸረሪት ድር አድርቶበታል፤ ሸረሪት ደግሞ ውኃ በሚያልፍበት ቤት አይሠራም።

ዘርትሁን ጄሪካኗን ትከሻዋ ላይ እንደያዘች ብቅ አለች። ስታያቸው እንደተያዘ ሌባ ደነገጠች። ጋሽ ታፈረ ጎንበስ ብለው የአንዱን ግንድ ሥር ጫር ጫር አደረጉ። አመድ ነው። ከመቶ ሃያው ግማሹ በቁሙ ደርቋል፤ ቢጫው አበባ ግን እላዩ ላይ አለ።

«ለምን ለሰው አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ ጋሼ? ሰሌዳው ደርሷል ይላል። ከሰሌዳ ጋር ልጣላ?»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽም?»

ዘርትሁን ጄሪካኑን አወረደችና መሬት መሬት አየች። «እርስዎማ ጠግበው አየሁዎት» አለች ዝግ ብላ። «መደብዎን ማለቴ ነው።»

ጋሽ ታፈረ ሁለቱንም ሰሙ። ሃያ ሁለት ዓመት ተከብረው ኖረው በዚያች ሰዓት አፈሩ። ጉንጫቸው ላይ የወረደውን እንባ በእጃቸው ጠረጉት፤ እጃቸው አፈር ስለነበረ ፊታቸው ላይ መስመር ቀረ። ያንን ፊት ሳይታጠቡት ነው ዳገቱን ወጥተው ዕቃ ቤቱ በር ላይ የቆሙት። ሰው ሁሉ ዶማውን ጥሎ ተሰበሰበ።

«ማስተዋል፣ ያችን መስመር አጥፊያት» አሉ።

ማስተዋል የምታደርገው ጠፋት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ መደብዎን አይቼ ነው...»

«አውቃለሁ ልጄ። አንቺ የምታይውን አልለወጥሽም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ።»

ጨርቅ ፈልጋ ስላጣች በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እሷም እያለቀሰች ነበር። በቦታው «ውኃ ከሠላሳ አምስተኛው መደብ በታች አልደረሰም» ብላ ጻፈች። ፊደሉ ተንጋደደ። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ሰሌዳው እንዲህ ያለ ነገር ብሎ አያውቅም፤ ከዚህ በላይ ያማረ ጽሑፍም ወጥቶበት አያውቅም።

ጋሽ ታፈረ ወደ ግርጌ እመለሳለሁ ሲሉ ሻምበል ባንቴ ተቆጡ። የተሰጠ ክብር መመለስ የሰጪውን ፊት መምታት ነው አሉ። እኛ እርስዎን ለማሳረፍ ብለን እንጂ ለክፋት አይደለም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሻምበል ከልባቸው የሚወዱ ሰው ናቸው።

«ባንቴ፣ ክብሩን አልጠላሁትም» አሉ ጋሽ ታፈረ። «ራስጌ አስተኛችሁኝ፤ ተኛሁ። ሌላ ጥፋት የለባችሁም።»

ሻምበል ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ ዞረው በወታደር ድምፅ ሁሉም ሰው ጓሉን እንዲዘጋ አዘዙ። አርባው አፍ ተዘጋ። በየመደቡ አፍ ላይ አንድ አንድ ሰው ቆመ፣ ውኃው እንዳይሾልክ በአካፋና በእግሩ እየጠበቀ። ውኃው ሲወርድ ከፊቱ ገለባና ቅጠል እየገፋ፣ አረፋ እየደፈቀ ነው። ሠላሳ ስድስተኛውን ሲያልፍ ደረቁ መሬት ስለሚጠጣው ቆመ። ቆይቶ እንደገና ተነሣ፣ ቀስ እያለም ግርጌው ገባ። ዘርትሁን ጫማዋን ሳታወልቅ ውኃው መሀል ቆመች። ጋሽ ታፈረ ከዳር ሆነው ስሟን ጠሩ፤ ፊታቸው ቆማ ሳለች፣ እንደ ድሮው።

ጎመኑ ዘር እስኪይዝ ድረስ ሊዛወር ስለማይችል ሁለቱ ግርጌውን አብረው ያዙት። ራስጌ ያለው የጋሽ ታፈረ ጥቅል ጎመን ተቆርጦ ለአራሷ ቤትና ውኃ ላልደረሳቸው ስድስት መደቦች ተከፋፈለ። ወንበሩ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ራስጌው መደብ ከእንግዲህ በየዓመቱ ለአዲስ ገቢ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ጀማሪ ነው፣ ውኃ ቢያባክን አይፈረድበትም፣ በዓመቱም ይለቃል። ማስተዋል ግን ምንም ውሳኔ ሳይሰጣት፣ በራሷ ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦዩን እስከ መጨረሻው መውረድ ጀመረች። አንድ ጫማ ጨርሳለች ይባላል።

በጥር ዘሩ ተወቃ። ሌላ ጊዜ ቁና የሚሞላው ዘንድሮ ሁለት ጣሳ ብቻ ሆነ። በሻይ ማንኪያ እየሰፈሩ ለአርባ አንዱ አካፈሉት። ማንም አነሰኝ አላለም፤ ሁሉም በወረቀት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

በዚያው ሰሞን ከጎረቤት ከተማ እንግዶች መጡ። እነሱም እንዲህ ያለ ማኅበር ሊያቋቁሙ ስለሆነ፣ ስሙ የተነገረላቸውን የውኃ አባት አይተው ሥራውን ሊማሩ ነው። በቀጥታ ወደ ራስጌው ሄዱ። እዚያ ያገኟቸው ካሮትና ድንብላል ገና ያልለዩ ሁለት አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። ግራ ገብቷቸው ሲወርዱ ገለባ የምታበጥረውን ዘርትሁንን አገኟት።

«እናቴ፣ ትልቁን ሰው ፈልገን አጣናቸው። ምልክታቸው ምንድን ነው?» አሏት።

ዘርትሁን ገለባውን ከነጠላዋ ላይ አራገፈችና ጥላ ያለበትን ቦታ አሳየቻቸው።

«ተቀመጡና ውኃው ሲዞር ተመልከቱ» አለቻቸው። «ከሁላችንም በኋላ የሚጠጡት እሳቸው ናቸው።»